የማይጨምቅ ማሽን፦ ቦርድ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው አጠር ሲል ይህ ነው፦

«ጀሞ ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ወንድሜ ከሳውዲ የላከልኝ፣ 7 ኪሎ የሚይዝ፣ በሩ ከፊት የሆነ አውቶማቲክ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለኝ። ሁለት ዓመት ያህል በደህና ሠርቷል። አሁን ግን ውሃ ለመሙላት ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ማጠቡን ያጥባል፤ መጨረሻ ላይ ግን ውሃው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፣ አይጨምቅም፣ በሩም አይከፈትም። አረፋው በመስታወቱ በኩል እስከ ላይ ሞልቶ ይታያል። ባለሙያ አምጥቼ ከኋላ ከፍቶ አየውና ‹ቦርዱ ተቃጥሏል፣ መቀየር አለበት› አለኝ። የጠራው ዋጋ የአዲስ ማሽን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቦርዱን ልግዛ ወይስ ማሽኑን ልሽጠው?»

እህቴ፣ አይግዙም አይሽጡም። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይስጡት። ከጻፉልኝ ነገር ተነስቼ ስገምት ቦርዱ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ማሽንዎ ይበራል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ውሃ ያስገባል፣ ድራሙን ወዲያ ወዲህ ያዞራል፣ ሰዓቱንም ይቆጥራል። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ያው ቦርድ ነው። የተቃጠለ ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይበራም፤ ወይም ስፒናው እንደተሰካ ባልቦላውን ይጥላል። ሌላውን ሁሉ እየሠራ ፓምፑን ብቻ ማዘዝ ያቃተው ቦርድ አይጠፋም። እሱ ግን በዓይን አይታወቅም፣ በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ይለካል። ባለሙያው ለክቶ ነው ወይስ አይቶ ብቻ? ከኋላ ከፍቶ ብቻ ያየ ሰው እኮ ፓምፑን እንኳ በቅጡ አላየውም። ፓምፑ በአብዛኛው ያለው ከፊት፣ ከታች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ አጥቦ ሲጨርስ ፓምፑን ያስነሳል። ውሃው መውጣት አለመውጣቱን የምታሳውቀው ከድራሙ ሥር ተነስታ ወደ ላይ የምትወጣ ቀጭን ቱቦ ናት። ጫፏ ላይ የውሃ ከፍታ መለኪያ አለ። ውሃ ሲኖር ቱቦዋ ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፣ ሲወጣ ይለቀቃል። መለኪያው «ባዶ ነው» ካላለ ማሽኑ አይጨምቅም፣ በሩንም አይለቅም። ደግሞም ልክ ነው። ሲጨምቅ ድራሙ በደቂቃ 1000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ውሃ ተሸክሞ እንዲህ ቢዞር ራሱን ይሰባብራል። በሩ ቢከፈት ደግሞ ቤትዎ ይጥለቀለቃል፣ ታች ያለው ጎረቤትም ይመጣብዎታል። ስለዚህ «አይጨምቅም» እና «በሩ አይከፈትም» ያሉኝ ሁለት ችግር አይደለም። ውሃው አልወጣም፣ በቃ።

ቴስተር ሳያስፈልግ ብዙ የሚነግረን ጆሮ ነው። ማሽኑን «ውሃ ማስወጣትና መጭመቅ» ብቻ የሚለው ፕሮግራም ላይ ያድርጉትና በርጩማ ስበው አጠገቡ ይቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ምንም ድምፅ ከሌለ ወይ ፓምፑ ሞቷል፣ ወይ መብራት አልደረሰውም። «እምምም» እያለ ውሃ ካላወጣ የሆነ ነገር አንቆታል። ደህና እየዞረ በማስወጫው ጎማ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ውሃ እየቆራረጠ ካወጣ ደግሞ ወይ መንገዱ ተደፍኗል፣ ወይ የሚገፋው አረፋ ነው። የእርስዎ ማሽን የቱን ድምፅ እንደሚያሰማ ስላልነገሩኝ ሦስቱንም ይዤ ልቀጥል።

ከፊልተሩ ይጀምሩ። ስፒናውን ይንቀሉ፤ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። የውሃውን ሩቢኔታ ይዝጉ። በሙቅ ውሃ አጥበው ከነበረ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እግር ላይ ሲፈስ ቀልድ አይደለም። ከፊት፣ ከታች ጥጉ ላይ አራት ማዕዘን የሆነች ትንሽ ክዳን አለች። በሳንቲም ወይም በካቻቪቴ ትከፈታለች። ውስጧ የፊልተሩ ክብ መክፈቻ አለ። ከጎኑ ብዙ ጊዜ ጫፏ የተደፈነ ቀጭን ጎማ ያገኛሉ፤ የተሠራችው ለእንዲህ ዓይነት ቀን ነው። ዝርግ ትሪ ከሥሯ ያስጠጉና መድፈኛዋን ነቅለው ያፍስሱ። አይቸኩሉ። ሆዱ ውስጥ ከ10 ሊትር በላይ ውሃ ሊኖር ይችላል፣ ትሪው ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ ይደፍኑ፣ ይድፉ፣ ይመለሱ። ውሃው ሲያልቅ ብቻ ክዳኑን ወደ ግራ ቀስ እያሉ ይፍቱት።

ከዚያ የሚወጣው ጉድ አያልቅም። የአንድ ብር ሳንቲም፣ የጡት መያዣ ሽቦ፣ የፀጉር ጌጥ፣ የሕፃን ካልሲ። እኛ አገር የማይቀረው ደግሞ የነጠላና የጋቢ ዘርፍ ነው። ክሩ ይቆረጥና ከፀጉርና ከሳሙና ዝቃጭ ጋር ተጠቅልሎ ፓምፑን ይተበትበዋል። ፊልተሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። ከዚያ በስልክዎ መብራት ቀዳዳውን ይመልከቱ።

ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ፋን አለች። በእርሳስ ጫፍ ያዙሯት። ለስላሳ ዙር አይጠብቁ። ከኋላዋ ማግኔት ስላለ መጀመሪያ እምቢ ትላለች፣ ከዚያ ድንገት ዘለል ብላ ትቆማለች፣ እንደገና እምቢ ትላለች። ጤነኛ ፓምፕ እንዲህ ነው። ይህን «ተጣብቋል» ብለው ፓምፕ የሚያስገዙ አሉ፤ እንዳይሸወዱ። የሚያሳስበው ጭራሽ ካልዞረች፣ ያለ ምንም እምቢታ ከዞረች፣ ወይም ከቦታዋ ከተላቀቀች ነው።

ማሽኑ ከሳውዲ መምጣቱ እዚህ ላይ ትርጉም አለው። የሳውዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል)፣ የእኛ 50። ብዙዎቹ የውሃ ማስወጫ ፓምፖች ፍጥነታቸው የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። ለ60 የተሠራው እኛ ጋ ሲመጣ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ውሃ የመግፋት አቅሙ ይወርዳል፣ ይሞቃልም። ሁለት ዓመት ታግሎ ቢደክመው አልፈርድበትም። ዋናው ሞተር ግን ካርቦን ያለውም ሆነ ኢንቨርተሩ በኸርዝ ልዩነት ብዙ አይቸገርም። ከኋላ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። «60 ኸርዝ» ብቻ ካለና ፓምፑ መቀየር ካለበት፣ መርካቶ ሲገዙ ለ50 ኸርዝ የተሠራውን ይጠይቁ። በነገራችን ላይ ሳውዲ ውስጥ ድሮ ብዙ ቤት 127 ቮልት ነበር። እንዲህ ዓይነት አሮጌ ማሽን አምጥቶ እዚህ የሰካ ሰው በሰከንድ ውስጥ ያጣዋል። የእርስዎ ሁለት ዓመት ስለሠራ ከዚህ ተርፈዋል።

ፊልተሩ ንጹሕ ከሆነ ወደ ማስወጫው ጎማ ይሂዱ። ከኋላ ተጣጥፎ ወይም ግድግዳው ጨፍልቆት ሊሆን ይችላል። ማሽኑን ጠርገን መልሰን ስንገፋው የምናደርገው ነገር ነው። የጎማው ጫፍ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። ኮንዶሚኒየም ቤት ግን ብዙ ሰው ጎማውን ሻወር ቤት ወለል ላይ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ይወረውረዋል። ይህን ካደረጉ ውሃው በራሱ ይሳባል። ማሽኑ ከላይ ይሞላል፣ ከታች ይፈሳል፣ እሱም አልሞላልኝም ብሎ ይሞላል። ያ የአንድ ሰዓት ሙሌት ከዚህ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጡ ቀላል ነው። ማሽኑ ውሃ እያስገባ ፓምፑም ዝም ብሎ ሳለ የጎማውን ጫፍ ይመልከቱ። ውሃ ከወጣበት ጎማውን ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ አለቀ።

አሁን አረፋው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጥያቄዎን ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። በምን ዓይነት ሳሙና እንደሚያጥቡ አልጻፉልኝም፤ የእጅ ኦሞ እንደሆነ ግን እወራረዳለሁ። የእጅ ዱቄት ሳሙና የሚሠራው በሳፋ ውስጥ አረፋው እንዲያምር ነው። በሩ ከፊት የሆነ ማሽን ደግሞ ትንሽ ውሃ ይዞ ልብሱን እያነሳ ያፈርጠዋል፤ ለአረፋ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ፓምፑ አረፋ መግፋት አይችልም፣ በባዶው ይዞራል። የከፍታ መለኪያዋም አረፋውን ውሃ ብላ ትቆጥረዋለች። ማሽኑ ሊጨምቅ ይነሳል፣ አረፋው ይበዛበታል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ይሞክራል። ሰዓቱ 9 ደቂቃ ላይ ቆሞ ቀረ የሚሉኝ ሰዎች ግማሹ ችግራቸው ይኸው ነው።

መፍትሔው፣ ያለ ልብስና ያለ ሳሙና ማለቅለቂያውን ፕሮግራም ደጋግመው ያስኪዱ። የልብስ ማለስለሻ ካለዎት አንድ ማንኪያ ሳሙና መጨመሪያው መሳቢያ ውስጥ ጠብ ያድርጉ፤ አረፋውን ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ፓኬቱ ላይ «ለአውቶማቲክ» የሚል ይግዙ። ልኩም ለሙሉ ማሽን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ይህ ለአዲስ አበባ ነው። ድሬዳዋ ወይም መቐለ ቢሆኑ ውሃው ከባድ ስለሆነ ትንሽ ይጨምራሉ፤ በዚያ ላይ ማሞቂያው ነጭ ቅርፊት ስለሚያወጣ አልፎ አልፎ ማሽኑን ባዶውን በሲትሪክ አሲድ በሙቅ ማስኬድ ያስፈልጋል።

የውሃ መሙላቱን ነገር እንጨርሰው። ጎማው አይደለም እንበል። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነዎት። ውሃ የሚያገኙት ጣሪያው ላይ ካለ ሮቶ ከሆነ፣ ግፊቱ የሚወሰነው ሮቶው ከማሽኑ በምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። የሮቶው ሥር ከሩቢኔታዎ 2 ሜትር ተኩል ከፍ ቢል የሚያገኙት 0.25 ባር ነው። ምድር ቤት ያለው ጎረቤትዎ ከዚያው ሮቶ ወደ 1.5 ባር ያገኛል። አብዛኛው ማሽን ደግሞ ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይፈልጋል። ከዚያ በታች ሲሆን የመግቢያው ቫልቭ በደንብ አይከፈትም። የሚገርመው፣ በደንብ አይዘጋምም። ጠፍቶ የቆመ ማሽን በማግስቱ ውሃ ይዞ የሚገኘው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሩቢኔታው ሲከፈት በራሱ የሚነሳ ትንሽ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ነው።

ግን ሁለት ዓመት ሠርቶ አሁን ከዘገየ ግፊቱ ብቻ አይመስለኝም። ወንፊቷን እጠረጥራለሁ። ሩቢኔታውን ዘግተው የመግቢያውን ጎማ ከማሽኑ ጀርባ ይፍቱ። ቀዳዳው ውስጥ ጣት የምታክል ወንፊት አለች፤ መሐሏን በፒንሳ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቧት። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማው ውሃ ነው፤ ዝገቱና አፈሩ እዚያ ይጠራቀማል። አጥበው ይመልሷት። «ውሃው በደንብ እንዲገባ» ብለው ወንፊቷን አውጥተው የሚጥሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ይህን ሥራ አልለውም። አፈሩ ቫልቩ ውስጥ ይገባል፣ ቫልቩ አልዘጋ ይላል፣ ቀጥሎ ጎርፍ ነው። ውሃ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ፣ በአብዛኛው ማሽን በሳሙናው መሳቢያ በኩል በጆግ ቀስ አድርጎ መጨመር ይቻላል። ከፍታዋ ሲደርስ መለኪያዋ ታውቀዋለች።

ይህን ሁሉ አድርገው ፓምፑ ጭጭ ካለ ቴስተር ያለው ሰው ይጥሩ። የሚሠራው አጭር ነው። መጀመሪያ ስፒናው ተነቅሎ የፓምፑን ሁለት ጫፍ በኦም ይለካል። የተለመደው የ220 ቮልት ፓምፕ ከ100 እስከ 200 ኦም መካከል ያሳያል። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል፣ ፓምፑ ይቀየራል፤ ዋጋውም ከቦርዱ ጋር አይወዳደርም። ፓምፑ ደህና ከሆነ ማሽኑን ሰክቶ፣ ውሃ እንዲያስወጣ አዝዞ፣ ፓምፑ ጫፍ ላይ መብራት መድረሱን ይለካል። ይህንን እርስዎ እንዳይሞክሩት፤ እርጥብ ወለል ላይ 220 ቮልት ነው። መብራት ደርሶት ካልዞረ ፓምፑ ነው። ካልደረሰው ሽቦው ወይ ቦርዱ ነው። ቦርድ የሚለው ቃል መነሳት ያለበት እዚህ ላይ ነው፣ ከዚህ በፊት አይደለም።

ቦርድ እኛ ጋ አይቃጠልም እያልኩ አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ እየዘለለ ስለሚመጣ ይቃጠላል። ግን ያኔም ቢሆን ሙሉ ቦርድ መግዛት የመጨረሻው አማራጭ ነው። መግቢያው ላይ ያለችው ፊውዝና ከጎኗ ያለችው ክብ ቫሪስተር ሌላውን ለማዳን ራሳቸውን የሚሠዉ ናቸው። ቴሌቪዥን የሚጠግን ጎበዝ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ እነሱን ወይም ፓምፑን የሚያዝዘውን አንድ ዕቃ ብቻ ይቀይርልዎታል። ከመብራት መዝለል መከላከያ ሲገዙ ደግሞ አምፔሩን ይዩ። የማሽኑ ማሞቂያ እስከ 2000 ዋት ይወስዳል፣ በ220 ቮልት 9 አምፔር ማለት ነው። ለፍሪጅ የተገዛ ትንሽ ስታብላይዘር ይህን አይችልም፤ ራሱ ይቃጠላል። ቀጭን ሽቦ ያለው ማራዘሚያም እንደዚሁ። የማሽኑ አካል የሚነዝርዎት ከሆነ ደግሞ የቤቱ የመሬት ሽቦ እስኪታይ ድረስ አይጠቀሙበት። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» የሚባል ነገር የለም።

ውሃው በደንብ እየወጣ አሁንም አልጨምቅ ካለ ሌላ ምዕራፍ ነው። ጋቢ ብቻውን ከተው ነበር? ጋቢ ውሃ ጠጥቶ አንድ ጎን ይከመራል፣ ማሽኑ ሚዛን አጣሁ ብሎ ያቆማል። ሁለት ፎጣ ይጨምሩለት። ቺንጋው ከወለቀ ሞተሩ ሲዞር ይሰማል፣ ድራሙ ግን ይቆማል። ካርቦኑ ካለቀ ሞተሩም አይዞርም፤ ካርቦን ርካሽ ዕቃ ነው። ያቺ የመለኪያዋ ቀጭን ቱቦ በሳሙና ዝቃጭ ከተደፈነችም ማሽኑ ሁልጊዜ ውሃ ያለ ይመስለዋል። ሲጨምቅ የሚያጓራ ከሆነ ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ድራሙን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ስለሚጠይቅ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

እስክሪኑ ላይ ፊደል ካወጣም ሳያጠፉት ይጻፉት። ኤልጂ ላይ «ኦኢ» (OE) ውሃ አልወጣም፣ «አይኢ» (IE) ውሃ አልገባም፣ «ዩኢ» (UE) ሚዛን ጠፋ ነው። ሳምሰንግ ላይ 5 ቁጥር ያለበት የማስወጣት፣ 4 ያለበት የማስገባት ችግር ነው።

ባለሙያው ተመልሶ ከመጣ የፍተሻውን ለብቻ ይክፈሉት፤ ልፋቱ ነው። ከዚያ «ፓምፑ ጋ ስንት ቮልት አገኘህ?» ብለው ይጠይቁት። ቁጥር ከነገረዎት ሰውየው ይሠራል። የቀየረውን አሮጌ ዕቃም ይቀበሉት።

ለእኔ የፓምፑን ድምፅ በስልክዎ ቀድተው፣ ከኋላ ያለውን ሰሌዳም ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ከፊልተሩ ያወጡትንም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።